የጋሪ ፈረስ ንፍጥና እባጭ ሰውን ያሰጋዋል? ስለ ግላንደርስና ስለ ጂን ጥናቱ

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው። አንዲት እህት ከባሕር ዳር እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ታናሽ ወንድሜ የሚተዳደረው በጋሪ ነው። ፈረሱ ከአፍንጫው ወፍራም ንፍጥ ይወርደዋል፣ የኋላ እግሩ ላይ ደግሞ እባጭ ተደርድሮ ወጥቶ እየፈነዳ ነው። ኢንተርኔት ላይ ግላንደርስ የሚባል ከፈረስ ወደ ሰው የሚተላለፍ ገዳይ ባክቴሪያ እንዳለ፣ ሳይንቲስቶችም ጂኑን እያጠኑት እንደሆነ አነበብኩ። ወንድሜን ያሰጋዋል ወይ? ደግሞስ የጂን ጥናት ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ምን ይረባል?»

እህቴ፣ ሳይንሱ ይቆየንና በመጀመሪያ ወንድምሽ ዛሬውኑ ማድረግ ያለበትን ልንገርሽ። ፈረሱን ጋሪ አያስጎትተው። ከሌሎች ፈረሶች፣ በቅሎዎችና አህዮች ለይቶ ለብቻው ይሰረው። ውኃ የሚያጠጣበት ባልዲም ሆነ ልጓሙ የዚያ ፈረስ ብቻ ይሁን። ንፍጡንና መግሉን በባዶ እጅ መንካት የለም። የላስቲክ ጓንትና ማስክ መድኃኒት ቤት ይገኛል፣ ዋጋውም አይከብድም። ከነካካው በኋላ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠብ። ፈረሱ የቆመበትን ቦታ ጠርጎ በውኃ የተበጠበጠ በረኪና ይርጭበት። ልጆች አይጠጉት።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከሱቅ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቶ በራሱ እጅ መርፌ እንዳይወጋው። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። መድኃኒቱ ምልክቱን ለጥቂት ጊዜ ያደበዝዘዋል፣ ፈረሱ የዳነ ይመስላል፣ ተመልሶ ተራ ይገባል፣ እዚያ አጠገቡ ከቆሙት ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ይነካካል፣ በኋላ ሐኪም ናሙና ሲወስድም ላብራቶሪው ምንም ሳያገኝ ይቀራል።

አሁን ወደ ስጋትሽ ልምጣ። ከጻፍሽው ምልክት ብቻ ተነስቶ ይሄ ነው ብሎ የሚቆርጥ ሰው ካለ አትመኚው። ግን በአገራችን የጋሪ ፈረሶች እግር ላይ እንዲህ ተደርድሮ የሚፈነዳ እባጭ ሲታይ፣ በጥናት በብዛት የተመዘገበው ምክንያት ባክቴሪያ ሳይሆን ፈንገስ ነው። በሽታው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ ከመቶ 18.8ቱ ላይ አግኝቶታል። ከአምስት ፈረስ አንዱ ገደማ ማለት ነው። በሽታው የሚበረታውም ሞቅ ባሉና እርጥበት ባላቸው፣ ከፍታቸው መካከለኛ በሆኑ ከተሞች ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጣና ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ፈንገሱ የሚገባው በቁስል ነው። የጋሪው ዕቃ ደረቱንና ጀርባውን ይልጠዋል፣ ዝንብ ያርፍበታል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ሌሎችም ተመሳሳዮች አሉ። በግና ፍየል ላይ ንፍፊት የሚያሳብጠው ኮሪኔባክቴሪየም የሚባለው ባክቴሪያ ፈረስ ላይም የእግር እባጭና ቁስል ያመጣል። ንፍጡ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ደግሞ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስትራንግልስ የሚባለውን ነበር። እሱ በተለይ ወጣት ፈረሶችን ይይዛል፣ ጉሮሯቸው ሥር ያብጥና ይፈነዳል፣ ፈረስ በብዛት በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ በፍጥነት ይዛመታል። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በአገው ፈረሰኞች በዓል የሚገናኘውን የፈረስ ብዛት አስቢው። ስለዚህ ንፍጥ ያለበትን ፈረስ ለበዓል ይዞ መሄድ በፍጹም አይገባም፤ ይሄን ለአዊ ወገኖቻችንም ንገሪልኝ።

እና ግላንደርስስ? በእግር ቁስሉ ከፈንገሱ ጋር ክፉኛ ይመሳሰላል። ልዩነቱን ፍለጋ የሚኬደው አፍንጫ ውስጥ ነው። ግላንደርስ የያዘው ፈረስ አፍንጫ ውስጥ በባትሪ ሲታይ መካከለኛው ግድግዳ ላይ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ቁስል አለ፤ የዳነው ደግሞ ጨረር እንደሚረጭ ኮከብ ያለ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ንፍጡ ቢጫ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ወፍራምና የሚያጣብቅ ነው፣ አንዳንዴ ደም አለበት፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ወገን ይወርዳል። መንጋጋ ሥር ያለው ንፍፊት ይጠጥራል። ይሄን ግን ወንድምሽ ራሱ ጎንበስ ብሎ እንዳያይ፤ የሐኪም ሥራ ነው፣ ሐኪሙም ተሸፋፍኖ ነው የሚያየው። ፈንገሱ ሲሆን ነገሩ ይቀላል። ከእባጩ የተወሰደች ጠብታ መግል ስላይድ ላይ ተቀብታ፣ ቀለም ነክታ በማይክሮስኮፕ ስትታይ፣ እንቁላል መሳይ ትንንሽ ሕዋሳት በዙሪያቸው ነጣ ያለ ቀለበት ይዘው ተኮልኩለው ይታያሉ። ያንን ያየ ባለሙያ በቀላሉ አይስተውም። የግላንደርስ ባክቴሪያ ግን መግሉ ውስጥ ጥቂት ሆኖ ስለሚገኝ በስላይድ ብቻ አይያዝም።

አንድ የሠፈር ምልክት ልጨምርልሽ። ፈረስ ግላንደርስን ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ተሸክሞት ይኖራል። አህያና በቅሎ ግን ብዙ ጊዜ አይችሉትም፤ ትኩሳትና የሳንባ ሕመም ጥሏቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ስለዚህ ወንድምሽ ፈረሱን ከሚያስርበት አካባቢ ሰሞኑን አህያ በድንገት ታሞ እንደሞተ ጠይቂ። ከሞተ ይሄን ለሐኪሙ ሳይጠይቅሽ ንገሪው።

የጂኑ ጥናት ምን ይረባል ላልሽው፣ እኔ በጣም ይረባል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱን ላስረዳሽ።

ባክቴሪያው ቡርክሆልዴሪያ ማሌይ ይባላል። ሎፍለርና ሹትስ የሚባሉ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1882 ነጥለው አወጡት (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። የቅርብ ዘመድ አለው፤ እሱ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በሰሜን አውስትራሊያ አፈርና ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ ሰውንም የሚገድል ባክቴሪያ ነው፤ ቡርክሆልዴሪያ ሱዶማሌይ ይሉታል። ለረጅም ጊዜ ሁለቱ እንደ ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት ይታዩ ነበር። በ2003 ተመራማሪዎች ሰባት ሰባት ጂን እየወሰዱ ሲያነጻጽሩ ግን፣ ከተለያየ ቦታ የተሰበሰቡት የግላንደርስ ባክቴሪያዎች በእነዚያ ጂኖች ሁሉም አንድ ሆነው ተገኙ፣ በዘር ሐረጉም ላይ የተቀመጡት በአፈሩ ባክቴሪያ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ይሄ ማለት አንድ የአፈር ባክቴሪያ በሆነ ዘመን እንስሳ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ፤ ዛሬ ያለው ግላንደርስ በሙሉ የእሱ ዘር ነው።

በ2004 የሁለቱም ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የዲኤንኤያቸው ጽሑፍ በሙሉ፣ ተነብቦ ታተመ። የተነበበው የግላንደርስ ዝርያ በ1944 ከታመመ ሰው የተወሰደ ነበር። የአፈሩ ባክቴሪያ ጂኖም ወደ 7.2 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል አለው፣ የግላንደርሱ ግን 5.8 ሚሊዮን ብቻ። 1.4 ሚሊዮን ፊደል ጠፍቷል ማለት ነው። ገበሬ ከተማ ገብቶ ሲቀር ሞፈርና ቀንበሩን እንደሚሸጠው፣ ይሄም እንስሳ ሰውነት ውስጥ ከገባ ወዲህ ለአፈር ኑሮ የሚያስፈልገውን ጂን ሁሉ እያራገፈ መጣ። ያራገፈበትንም መንገድ እናውቃለን። በጂኖሙ ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች በብዛት አሉ። አንዱ ቁራጭ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ይቀመጥና በመካከላቸው ያለው ተቆርጦ ይወጣል፣ ወይም ዘሎ የገባበት ጂን መሐሉ ተሰብሮ ሥራ ያቆማል።

ከተሰበሩት አንዱን በቅርብ እንየው፣ ምክንያቱም ምርመራውን የሰጠን እሱ ነው። የአፈሩ ባክቴሪያ የሚዋኝበት ጭራ አለው። ጭራውን ለመሥራት ከሚያስፈልጉት ጂኖች አንዱ ፍሊፒ ይባላል። በግላንደርሱ ባክቴሪያ ውስጥ አንድ ዘላይ ቁራጭ እዚህ ጂን ውስጥ ገብቶ ሰብሮታል። ስለዚህ የግላንደርስ ባክቴሪያ አይዋኝም። ሕዋስ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሌላ ዘዴ አለው፤ ቢምኤ በሚባል ፕሮቲኑ አማካይነት አክቲን የሚባለውን የሕዋሱን ፕሮቲን እየተጠቀመ ተገፍቶ ወደ ጎረቤት ሕዋስ ይሻገራል። ወደ ምርመራው ስንመለስ፣ የተሰበረው ፍሊፒና የሰበረው ቁራጭ የሚገናኙበት መጋጠሚያ በአፈሩ ዘመዱ ውስጥ የለም። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት የግላንደርስ ፒሲአር (የጀርሙን ዲኤንኤ አባዝቶ የሚያሳይ) ምርመራ የሚፈልገው ይህንኑ መጋጠሚያ ነው። ባክቴሪያውን ለቀናት ማብቀል ሳያስፈልግ በሰዓታት ውስጥ መልስ ይገኛል። ለምርመራ ባለሙያውም እፎይታ ነው። ይሄ ጀርም በአየር ሲተነፈስ በጥቂቱም ይይዛል፣ ማብቀል የሚፈቀደውም ከፍተኛ ጥበቃ ባለው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ማሌይን የተባለውን የቀድሞ ምርመራ ካገኙት ሰዎች አንዱ፣ ካልኒንግ የሚባለው፣ በ1891 የሞተው በዚሁ በሽታ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም የደም ምርመራ ላይ ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ባለጋሪውን በቀጥታ የሚነካው ይሄ ነውና። ግላንደርስ የተገኘበት ፈረስ አይታከምም፣ በሽታው ጠፍቶባቸው በሚቆጣጠሩ አገሮች ሁሉ ይወገዳል። ለሰውም ለፈረስም ክትባት የለውም። የድሮው የደም ምርመራ የሚሠራው ከተፈጨ ሙሉ ባክቴሪያ ስለሆነ፣ ሌላ ተመሳሳይ ጀርም ያገኘው ፈረስ ደምም «አለበት» የሚል ውጤት ይሰጣል። አንድ ጤነኛ ፈረስ በስህተት «አለበት» ተብሎ ሲወገድ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው የሚቆረጠው። ጂኖሙ ከተነበበ ወዲህ ግን ከባክቴሪያው ፕሮቲኖች መካከል ለይተው የሚያሳብቁትን መርጦ፣ እነሱን ብቻ ላቦራቶሪ ውስጥ አምርቶ በእነሱ መመርመር ተችሏል። ያ ቅድም ያልኩሽ ቢምኤም አንዱ ነው። በስህተት የሚወነጀለው ፈረስ ቁጥር ይቀንሳል።

ሦስተኛው የመጣበትን መንገድ መከታተል ነው። በዚህ ጂኖም ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ ቦታ ላይ አጫጭር ፊደሎች ተደጋግመው ተጽፈዋል፤ የድግግሞሹ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ዘሩ አንድ ዓይነት በሆነ ባክቴሪያ መካከል ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። በ2010 እና በ2011 ባሕሬን ውስጥ ግላንደርስ ተነስቶ ነበር፣ ግመል ሳይቀር ታሟል። የተሰበሰቡት ናሙናዎች በጂን ሲታዩ አንድ ዝርያ ብቻ አልነበረም። በሽታው የገባው አንዴ ሳይሆን ከአንድ ጊዜ በላይ እንደሆነ ነው የጠቆመው። እንዲህ ያለ መልስ ሲገኝ ሥራው ይለወጣል፤ አንዱን ጋጣ ማጽዳት አይበቃም፣ ፈረስ የሚገባበት በር መጠበቅ አለበት።

በሰው በኩል ደግሞ የ2000ውን የአሜሪካ ታሪክ ልንገርሽ። በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ የሚሠራ፣ የስኳር ሕመም ያለበት ባለሙያ ብብቱ ሥር አበጠና አተኮሰው። አንቲባዮቲክ ተሰጠው፣ አልተሻለውም፤ ሌላ ተሰጠው፣ ተሻለው፤ ሲያቆም ተመለሰበት። ከዚያ ጉበቱና ጣፊያው ላይ መግል ቋጠረ። ከደሙ የበቀለውን ባክቴሪያ የሆስፒታሉ ማሽን ሌላ ስም ሰጠው። ማንነቱን ለማረጋገጥ ከረዱት ምርመራዎች አንዱ የጂን ንባብ ነበር። ለወራት መድኃኒት ወስዶ ዳነ። አንቲባዮቲክ ሳይኖር በፊት ግን በሽታው ደም ውስጥ ከገባ የሚተርፍ ሰው ብርቅ ነበር። ወንድምሽ ፈረሱን ከነካ ወዲህ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የደረት ውጋት፣ ወይም የማይድን ቁስል ከታየበት ጤና ጣቢያ ሄዶ በቅድሚያ «የታመመ ፈረስ አለኝ» ይበል። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሐኪሙ ምን እንደሚፈልግ ትወስናለች። ብዙ ጊዜ ምልክቱ ከ1 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ይታያል። ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ ብርቅ ነው፣ በዚህ በኩል አትጨነቂ።

አሁን ዋናው ሐሳቤ። ጂኑን ያራገፈ ባክቴሪያ የትም መሄጃ የለውም። አባ ሰንጋን ታውቂዋለሽ፤ እሱ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተኝቶ ስለሚቆይ ከብቱ ሁሉ ቢከተብ እንኳ መሬቱ ላይ ይጠብቃል። ግላንደርስ እንዲያ አይችልም። እርጥብ ጋጣና ባልዲ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ፀሐይና በረኪና ግን ይገድሉታል፤ ቋሚ ቤቱ ፈረስ፣ አህያና በቅሎ ብቻ ነው። ስለዚህ የታመሙትን አንድ በአንድ ማግኘት ከተቻለ በሽታው ከአገር ይጠፋል። ይሄ ምኞት አይደለም፤ ሰሜን አሜሪካም፣ አውስትራሊያም፣ ምዕራብ አውሮፓም አጥፍተውታል። ብሪታንያ ውስጥ በሽታው በተለይ የጸናው በለንደን የሠረገላ ፈረሶች ላይ ነበር፣ ማለትም የወንድምሽ ቢጤዎች ፈረሶች ላይ። ባለቤቱ ፈረሱ እንዳይወሰድበት ይደብቅ ነበር። በ1907 ለሚወገድ ፈረስ ካሣ የሚከፍል ደንብ ወጣ፣ ሰዎች ማሳወቅ ጀመሩ፣ በ1928 የመጨረሻው ፈረስ ታየ። ይሄ ሁሉ የሆነው ዲኤንኤ ምን እንደሚመስል ከመታወቁ በፊት ነው።

ለዚህ ነው ጂኑና ካሣው አብረው መሄድ አለባቸው የምለው። እውነቱን ለመናገር ለጂኖም ጥናቱ ገንዘብ የፈሰሰው ባለጋሪ ታስቦለት አይደለም፤ ባክቴሪያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ሰላዮች የጦር ፈረሶችን ለመበከል ስለዋለና ዛሬም በመሣሪያነቱ ስለሚፈራ ነው። ይሁን፣ ውጤቱ የሁላችንም ነው። ግን ፒሲአሩ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ ፈረሱን ካመጣ ባዶ እጁን እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው አያመጣውም። በዓለም ብዙ አህያ ያላት አገር፣ ፈረሷና በቅሎዋም በሚሊዮን የሚቆጠር አገር፣ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አስቀድማ መያዝ አለባት ብዬ አምናለሁ። በ1999 ብራዚል፣ በ2006 ህንድ፣ ጠፋ ከተባለ በኋላ ተመልሶባቸዋል። የሚመለሰው ከሚነዳ እንስሳ ጋር ነው።

እንግዲህ ለወንድምሽ። ነገ ጠዋት ፈረሱን እየጎተተ ከተማ እንዳያቋርጥ፤ የቀበሌውን ወይም የክፍለ ከተማውን የእንስሳት ሐኪም እሱ ዘንድ ይጥራ። ሐኪሙ ሲመጣ ናሙናው ከፈነዳው ሳይሆን ገና ካልፈነዳው እባጭ እንዲወሰድ ይጠይቅ፤ የፈነዳው በሌላ ቆሻሻ ጀርም የተሞላ ነው። ሁለት ስላይድ፣ አንድ የአፍንጫ ናሙናና ደም ቢወሰድ ጥሩ ነው። ስላይዱ እዚሁ ባሕር ዳር የክልሉ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሊታይ ይችላል። ቀለበት ያለው ፈንገስ ከታየ ዋናው ጥያቄ ተመለሰ፤ ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም ሕክምና የሚሞከርለት በሽታ ነው፣ በተለይ ገና ሲጀምር። ካልታየ ደግሞ ደሙና የአፍንጫው ናሙና በበረዶ ሳጥን ሆኖ ሰበታ ወዳለው ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይላክ ብሎ ሐኪሙን ይጠይቀው፣ መልሱ እስኪመጣም ፈረሱ ከታሰረበት አይፈታ። የስላይዱን ውጤት እንዳገኛችሁ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ቀጣዩን አብረን እናየዋለን።